የሸኽዬ ድምፅና የኛ ኢርፎን



እኛ በጀመዓው ሚዲያ ክፍል ድምፅ የምንሠራ ሦስት ልጆች ነን። ሦስታችንም ኢንጂነሪንግ ነን፤ ሦስታችንም ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እያልን ያደግን ነን። ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፦ «ያ ጆሯችሁ ላይ የሚጠመጠመው ኢርፎን ምንድን ነው? የኔ ለምን አይሆንም?» ዶርም በር ላይ ቆመን በሁለት ደቂቃ የምንመልሰው ስላልሆነ እዚህ ጻፍነው። መልሱ ውስጥ ግን ያሳፈረን ነገር ስላለ ከሱ እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት በሴሚስተር እረፍት ከደሴ ወጣ ብሎ ወዳለ ገጠር ሄደን የአንድ አዛውንት መንዙማ ቀዳን። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ሸኽዬ ብቻ እንበላቸው። ከመካከላችን የአንዱ አያት ጎረቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። የወሎን መንዙማ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ገሚሱ ዓረብኛ ገሚሱ አማርኛ ነው፤ አንዳንዱም በዓጀም፣ ማለትም በዓረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የሸኽዬ ግን ብዙው ወረቀት ላይ የለም። ከአባታቸው በቃል የተቀበሉት ነው። ያን ሰሞን ደረታቸውን እያመማቸው ነበርና የልጅ ልጃቸው ደውሎ «የምትመጡ ከሆነ ቶሎ ኑ» አለን።

ሄድን። አንዲት ትንሽ መቅጃ ነበረችን። የደረት ማይኩን ሸኽዬ ላይ ሰካን፤ መቅጃዋን ራሷን ደግሞ በተቀባዮቹና በድቤው መካከል አስቀመጥናት። ስለዚህ ሁለት መስመር ድምፅ አገኘን፤ በአንዱ የሳቸው ድምፅ፣ በሌላው ድቤው፣ ጭብጨባውና ተቀባዮቹ። የሁለቱን ሚዛን መወሰን የኛ ሥራ ሆነ ማለት ነው። (ስለ ድቤ የተለየ አቋም ያላችሁ ወንድሞች እንዳላችሁ እናውቃለን። ያ ውይይት በደርስ ይቀጥል፤ እዚህ የምናወራው ስለ ኸርዝ ነው።) ስንሰናበታቸው ሸኽዬ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆቼ፣ በሕይወት እያለሁ አሰሙኝ።»

ቸኮልን። በማግስቱ ንጋት ላይ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳውን አውቶቡስ ያዝን። ላፕቶፑን ጭናችን ላይ ዘርግተን፣ መናኸሪያው በር ላይ ከአዟሪ የገዛነውን ኢርፎን ሰክተን ሚክስ ማድረግ ጀመርን። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የላፕቶፑ ባትሪ ግን ግማሹን እንኳ አይዘልቅም። እንደምንም ደብረ ብርሃን ስንገባ ጨረስን። ኔትወርክ ስናገኝ በቴሌግራም ለልጅ ልጃቸው ላክንለት፤ እሱ ፍላሽ ላይ ገልብጦ በሸኽዬ ሬዲዮ እንዲያሰማቸው። በጣም ደስ ብሎን ነበር። ጆሯችን ውስጥ ድቤው ሞቅ ብሎ፣ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማን።

ከሦስት ቀን በኋላ ስልክ ተደወለ። ሸኽዬ ራሳቸው ናቸው። ከሰላምታ በኋላ፣ ለኛም ለወላጆቻችንም ዱዓ ካደረጉ በኋላ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ድቤው ደህና ነው። እኔን የት አደረጋችሁኝ?»

ዶርም ገብተን በስልካችን ስፒከር ከፈትነው። እውነታቸውን ነው። ድቤው በተመታ ቁጥር ድምፃቸው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በመስጂዱ አዳራሽ ሞንታርቦ ስንሞክረው ደግሞ ባሰ፤ ግድግዳው ሁሉ ድቤ ሆነ። አንድ የታመመ ሰው ሳይሞት ልስማው ያለውን ነገር እንዲህ አድርገን ነው የላክንለት።

ምን እንደሠራን ለመረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የአውቶቡስ ሞተርና የጎማው ጉርምርምታ አብዛኛው ጉልበቱ ወፍራሙ ድምፅ ውስጥ ነው፤ በግምት ከ200 ኸርዝ በታች። የድቤው ዋና ምትም መኖሪያው እዚያው ነው። በአንድ ክልል ውስጥ የበለጠ ኃይለኛ ድምፅ ካለ ጆሮ ደካማውን ለይቶ መስማት ያቅተዋል፤ ባለሙያዎቹ ማስኪንግ ይሉታል። እኛ ሞተሩ የሸፈነውን ድቤ «አንሷል» ብለን ከፍ አደረግነው። አውቶቡሱ ቆመ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ድቤው ግን ፋይሉ ውስጥ እንደተነፋ ቀረ። በዚያ ላይ መጨረሻ ላይ ጠቅላላውን ድምፅ የሚገድብ ሊሚተር አስገብተን ነበር። ሊሚተር ማን እንደጮኸ አይለይም፤ ድቤው ጣሪያውን ሲነካ ሁሉንም አብሮ ዝቅ ያደርጋል። ሸኽዬ ዝቅ ያሉት ለዚህ ነው።

ኢርፎኑም ዋሽቶናል። ጎማው ጆሯችንን በደንብ ስለማይደፍን ቤዙ በጎን ይፈሳል፤ ይህም ድቤውን ይበልጥ እንድንጨምር ገፋፋን። ቀጭኑ ድምፅ ላይ ደግሞ ሰው ሠራሽ ስለት ነበረው። እያንዳንዱ «ስ» እና «ሽ» ፉጨት ይመስል ነበርና የሳቸው ድምፅ ከበቂ በላይ ጎልቷል ብለን ዝቅ አደረግነው። ሁለት ስህተት በተቃራኒ አቅጣጫ ማለት ነው፤ የተጎዱት ግን አንድ ሰው ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው ከመካከላችን በአንዱ ላይ ነው። ያን ቀን ሞተሩን ለመብለጥ ድምፁን መጨረሻ አካባቢ አድርጎ ከሰባት ሰዓት በላይ ሰማ። ማታ ጆሮው ጭው ይል ነበር። በማግስቱ ከፈጅር በኋላ ባለው የቁርኣን ሐልቃ ታናናሾችን የሚያስቀራው እሱ ነው፤ አንድ ፍሬሽማን እየቀራ ሳለ ሲንን ከሣእ መለየት አቃተው። መድረሳ ለዓመታት የቀረጸብን ጆሮ ነው እንግዲህ። ሲን ከ4,000 ኸርዝ በላይ ጠንካራ ፉጨት አለው፤ የሣእ ነፋስ በጣም ደካማ ነው፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ከፍተኛ ድምፅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መስማት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በሁለት ቀን ተመለሰለት። ሁልጊዜ ግን አይመለስም፤ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት የፀጉር ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ስለዚህ ዕቃ ለመምረጥ ስንነሳ ጥያቄያችን «የቱ ያምራል?» አልነበረም። የሚነዳ አውቶቡስ ውስጥ፣ ድምፁን ሳንጨምር፣ የሸኽዬን ድምፅና የድቤውን ሚዛን ሳይዋሽ የሚነግረን የቱ ነው የሚል ነበር።

መጀመሪያ ያሰብነው ትልቁን ጭንቅላት ላይ የሚደረገውን ሄድፎን ነው። ዶርም ውስጥ ጥሩ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ግን መቀመጫው ላይ ጭንቅላት አያስደግፍም፣ ቆላ ሲወረድ ጆሮን በላብ ያጠምቃል፣ ቦርሳ ውስጥም ቦታ ይበላል። የሚዲያ ክፍላችን እህቶች ደግሞ እኛ ያላሰብነውን ነገሩን፦ በሒጃብ ላይ ሲደረግ ትራሱ ጨርቁ ላይ ስለሚቀመጥ ድምፁ ይፈሳል፣ ቤዙም ይጠፋል፤ ከጆሮ ውስጥ የሚገባው ግን ከሒጃቡ ሥር ገብቶ ገመዱ በጆሮ ጀርባ ሲዞር ንቅንቅ አይልም።

ገመድ አልባውንና ጩኸት የሚያጠፋውንም አሰብን። ለጉዞ ምቾት እንደሱ ያለ የለም፤ የሞተር ጉርምርምታን በተለይ ያጠፋዋል። ለሥራ ግን ሁለት ችግር አለው። ብሉቱዝ ድምፁን አሳንሶ ስለሚልክና ስለሚያዘገየው ጭብጨባ በትክክለኛው ቦታ ለመቁረጥ ስትሞክሩ ዓይናችሁ ሌላ፣ ጆሯችሁ ሌላ ይላችኋል። ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር በራሱ ሐሳብ ድምፁን እየቀየረ ነው የሚያሰማችሁ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ይሁን እሱ የፈጠረውን አታውቁም። ሚዛን የሚያስተካክል ሰው ሚዛኑ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ምን ይሠራል?

የቀረው ባለ ገመድ ኢን ኢር ሞኒተር ነው። መድረክ ላይ ዘፋኞች ጆሯቸው ውስጥ የሚያደርጉት ዓይነት ማለት ነው። ከተራ ኢርፎን የሚለየው ጆሮን እንደ ቡሽ መድፈኑና በተቻለ መጠን ያልተቀባባ ድምፅ ማውጣቱ ነው።

«ያልተቀባባ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንድ ወር ተከራከርንበት። የሞኒተሮችን ግራፍ ስታዩ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ጉብታ አለ። ከመካከላችን አንዱ «ይሄ እንዴት ያልተቀባባ ይባላል? ቀጥ ያለ መስመር መሆን ነበረበት» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ደብተር ወጣ። የጆሮ ቦይ አንዱ ጫፉ በታምቡር የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር። አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ የሚያስተጋባው የሞገዱ ርዝመት የቱቦው አራት እጥፍ ሲሆን ነው። የድምፅን ፍጥነት 343 ሜትር በሰከንድ ብላችሁ ለ0.1 ሜትር ስታካፍሉ 3,430 ኸርዝ ይመጣል። ማለትም አላህ የፈጠረው ክፍት ጆሮ ራሱ በዚህ አካባቢ ድምፅን ያጎላል። ቦዩን በጎማ ስንደፍነው ያ ጉልላት ይጠፋል ወይም ቦታውን ይለውጣል፤ ስለዚህ የሞኒተሩ ሠሪ መልሶ ማስገባት አለበት። ጉብታው የሌለው ሞኒተር ነው የሚዋሸው። ተከራካሪያችን ደብተሩን ዘግቶ ሻይ ጋበዘን።

ከዚያ መሞከር ጀመርን። አንድ የስቱዲዮ ሥራ የሚሠራ ወዳጃችን ሹር ኤስኢ215 አዋሰን። ይህ ሞኒተር በብዙ መድረክ ላይ የሚታይ ነው፤ ዋጋው በውጭ 100 ዶላር አካባቢ ነው። የውጭ ጩኸት በመከልከል እጅግ ጎበዝ ነው። በስፖንጁ ስናደርገው አውቶቡሱ ውስጥ የሚጮኸው ፊልም ሳይቀር ከሩቅ ሆነ። ነገር ግን ቤዙ ወፈር፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ለዘብ ያለ ነው። ለሰሚ ደስ ይላል። ለኛ ግን የ«ስ» ፉጨትን ስለሚያለዝበው ደህና ነው ብለን የተውነው ድምፅ ሌላ ቦታ ሲከፈት ጆሮ ይወጋል። ከአንዱ ውሸት ወደ ሌላው መሄድ ሆነብን።

ኢቲሞቲክ ኢአር4ን የምናውቀው በወሬ ብቻ ነው። ከ1991 ጀምሮ ያለ፣ ሦስት ቀለበት ባለው ጎማ ጆሮ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ፣ በትክክለኛነቱ ስም ያተረፈ ዕቃ ነው። ዋጋው በመቶዎች ዶላር ስለሆነ ከምኞት አላለፈም። ዕውነት ለመናገር ያን ያህል ጠልቆ የሚገባ ነገር ከአውቶቡስ መንገጫገጭ ጋር አስፈርቶናልም።

በ20 ዶላር ገደማ ባለው ደረጃ ሁለት ቀሩ፤ ሙንድሮፕ ቹ እና ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ። ሁለቱም ባለ አንድ 10 ሚሊ ሜትር ዳይናሚክ ናቸው፤ ሁለቱም ለዋጋቸው የሚገርም ሚዛን አላቸው። የለየልን ገመዱ ነው። የመጀመሪያው ቹ ገመድ ከራሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የዜሮ ግን ይነቀላል። ኢርፎን ሲሞት መጀመሪያ የሚሞተው ገመዱ እንደሆነ እዚህ ግቢ ውስጥ የማያውቅ ተማሪ የለም። ዜሮን መረጥን።

ብዙ ድምፅ ማውጫ ያላቸውን፣ አንድ ጆሮ ውስጥ አራት አምስት ባላንስድ አርማቸር የተደረደረባቸውን ለምን አልመኛችሁም ላላችሁን፣ መልሱ የሰርኪት ትምህርት ውስጥ ነው። የስልክ ወይም የላፕቶፕ ድምፅ መውጫ የራሱ ኢምፔዳንስ አለው፤ 10 ኦም ነው እንበል። ሞኒተሩ በሁሉም ድምፅ ላይ 32 ኦም ከሆነ ቮልቴጅ ዲቫይደሩ ሁሉንም እኩል ወደ 2.4 ዴሲቤል ዝቅ ያደርጋል፤ ሚዛኑ አይነካም። በአንድ ድምፅ ላይ 8 ኦም፣ በሌላው 40 ኦም የሚሆን ባለ ብዙ አርማቸር ከሆነ ግን አንዱ 7፣ ሌላው 2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አምስት ዴሲቤል ልዩነት ያለ ማንም ፈቃድ ገባ ማለት ነው። ያው ሞኒተር በስልክ ሌላ፣ በላፕቶፕ ሌላ ይሆናል። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየቀየርን ለምንሠራ ተጓዦች ባለ አንድ ዳይናሚክ አስተማማኝ ነው። በዚያ ላይ መውጫው ከሞኒተሩ ኢምፔዳንስ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ የሚባለውን መለኪያ ይዘን ትንሽ የዩኤስቢ ሲ አስማሚ ጨመርን፤ የላፕቶፑ መውጫ ዝም ባለ ቦታ ሽሽሽ የሚለውም አብሮ ጠፋልን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከጀመዓው ሳጥን ለመጠየቅ አስበን ተውነው። ያ ብር የታመመ ተማሪ ሲኖርና የትራንስፖርት ያጣ ሲኖር ነው የሚወጣው። ከየኪሳችን አዋጥተን ከመካከላችን የአንዱ አክስት ከጅዳ ለእረፍት ስትመጣ አስመጣናት። «ለዚች ለጣት የምታህል ነገር ነው እንዴ ሁለት ወር ሙሉ የምትነዘንዙኝ?» ብላ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችን።

ዜሮ አንድ ድክመት አለው፤ ከፋብሪካ በመጣው ጎማ የውጭ ጩኸት የመከልከል አቅሙ እንደ ሹሩ አይደለም። ስፖንጅ ጫፍ ስናደርግበት ተሻሻለ። ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይመጣል፤ በጥቂት ወርም ይደርቃል፤ ይህን አውቆ መለወጥ ነው። ሌላው የጆሮ መጠን ነው። የሦስታችንም ግራና ቀኝ ጆሮ እኩል አለመሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው፤ አንዳችን በቀኙ መካከለኛ፣ በግራው ትንሹን ነው የሚያደርገው። መደፈኑን የምናረጋግጠው በ40 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ ነው። ጣታችንን አሳርፈን ሞኒተሩን በቀስታ ወደ ውስጥ ስንገፋው ቤዙ ከጨመረ መጀመሪያውኑ አልተደፈነም ነበር ማለት ነው። ይህን ሳናደርግ ሥራ አንጀምርም።

መንገድ ላይ የተማርነውም አለ። ከጣርማ በር ዋሻ ስትወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ወርዳችኋል። የአየሩ ግፊት ሲለወጥ ታምቡሩ ይወጠራል፣ ጆሮ ይደነቁራል፣ የተደፈነ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያ ቀን ደብረ ሲና ላይ «ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ» ብለን ሦስት ዴሲቤል ጨምረን ሜዳው ላይ ስንደርስ እያፈርን መለስነው። አሁን ቁልቁለቱ ላይ ሞኒተሩን አውልቀን ማስቲካ እናኝካለን። መስኮቱንም ማየት ነው፤ እንዲያ ያለ ገደል እያለ ላፕቶፕ ላይ ያፈጠጠ ሰው ምን ይባላል?

ሌላው ውሳኔያችን አውቶቡስ ላይ ሁሉን ሥራ አለመሥራት ነው። መቁረጥ፣ ትንፋሽና እንቅፋት ማጽዳት፣ የቃላቱን ከፍታ ዝቅታ ማስተካከል፣ እነዚህ ሰው ድምፅ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ ሞተሩ ብዙ አይበላቸውም። የቤዝ ሚዛንና የማስተጋቢያ መጠን ግን ለቆመ ቦታ ነው የምናሳድረው። ሞኒተር ውስጥ ቤዝ በደረት አይሰማም፤ ማስተጋቢያ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይጎላል፤ ግራና ቀኙም ጭንቅላት ውስጥ እንደ ሁለት ክፍል ይለያያል፤ ስፒከር ላይ ግን ሁለቱም ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ከመላኩ በፊት በስልክ ስፒከር፣ ከዚያ በሞንታርቦ ይከፈታል። በተጨማሪም ዶርም ውስጥ ጸጥ ባለ ሰዓት የተመቸንን የድምፅ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈን ላፕቶፑ ላይ ለጥፈነዋል። አውቶቡስ ላይ ከዚያ ቁጥር አንድም ደረጃ አንጨምርም፤ ካልተሰማን ላፕቶፑ ይዘጋል። 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መለኪያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የኛ ልጅ ያን ቀን ስንት ላይ እንደነበረ አልለካንም። ባንለካው ይሻለናል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሦስታችንም አንድ ላይ አንደፍንም። አንዱ ጆሮው ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ያወጣነው ረዳቱ ለምሳና ለዙህር ሃያ ደቂቃ እንደቆምን ተናግሮ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ተመልሶ ሲገባ እኛ ከድቤው ጋር ቀርተን ከተገኘን በኋላ ነው።

ሸኽዬ አልሐምዱሊላህ ያን ክረምት ተሻላቸው። መንዙማውን ከመጀመሪያው ፋይል አንሥተን እንደገና ሠራነው። ድቤው አራት ዴሲቤል ወረደ፣ ሊሚተሩም ከሁለቱም ላይ ተነሥቶ ድቤው ላይ ብቻ ተደረገ። በአዲሱ ሞኒተር ከዚህ በፊት ያልሰማነውን ብዙ ነገር ሰማን። አንዱ ሦስተኛው መንዙማ ላይ ከተቀባዮቹ መካከል የሚመጣ ወፍራም ሳል ነው። በጥንቃቄ ቆርጠን አወጣነው፤ ጭብጨባው ሳይዛነፍ ስለወጣልን ለራሳችን አጨበጨብን።

በዚህ ዓመት እረፍት ፍላሹን ይዘን ራሳችን ሄድን። ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ያችው ሬዲዮ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሸኽዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እዚህ ጋ የሚስል ሰው ነበር» አሉ። «የታለ?»

እርስ በርስ ተያየን። «ሸኽዬ፣ ሳል ስለሆነ ነው፤ አውጥተነዋል» አልናቸው።

«ያ ወንድሜ ነው። አርባ ዓመት ሲቀበለኝ ኖሮ ከረመዷን በፊት ወደ አኼራ ሄደ።» ትንሽ ዝም አሉ። «እናንተም ስትመጡ ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ ከንፈሩን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅስ። ከሱ የቀረችኝ እሷ ሳል ናት። መልሱልኝ ልጆቼ።»

አላህ ይርሐማቸው አልን። ዋናው ፋይል ላፕቶፑ ላይ ነበር። እዚያው ምንጣፉ ላይ ከፍተን የቆረጥነውን ጠርዝ መልሰን ዘረጋነው፤ ግቢው ጸጥ ያለ ስለነበር ለሥራው ጥሩ ቦታ ነው። ሳሉ ከድቤው ጀርባ ራቅ ብሎ ስለሚሰማ ያችን ቦታ ብቻ ሁለት ዴሲቤል ከፍ አደረግናት፣ አዲሱን ፋይል ፍላሹ ላይ ገለበጥነውና ሸኽዬ ሦስተኛውን ድጋሚ ክፈቱት አሉን።